ለቅጥር ፈተና ወቅታዊ ጉዳዮችን ማጥናት፦ ከዜናው እስከ መልስ መስጫው ወረቀት

ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከሞጣም ሆነ ከእንጅባራ ተነስተው ለባንክ፣ ለፌዴራል መሥሪያ ቤት ወይም ለክልል ቢሮ የሚወዳደሩ ብዙ ምሩቃን የሙያ ጥያቄውን አሳምረው ይሠሩና «ጠቅላላ ዕውቀት» ወይም «ወቅታዊ ጉዳይ» የሚባለው ክፍል ላይ ነጥብ ይጥላሉ። ዜና ሳይሰሙ ቀርተው አይደለም፤ ቴሌግራም ላይ ውለው የሚያድሩት እነሱው ናቸው። የሰሙት ዜና ግን ፈተና ላይ በሚጠየቅበት መልክ አልተቀመጠም። ቀን የለውም፣ ቁጥሩ ተምታቷል፣ ከምን ጋር እንደሚያያዝ አልተጻፈም፣ አንድ ጊዜ ከተነበበ በኋላ ማንም አልከለሰውም።

የሚከተለው አሠራር ለሦስት ወር ዝግጅት የተሰላ ነው፤ በቀን 50 ደቂቃ ይፈልጋል። ፈተናው ለደረሰበት ሰው የሚሆን አጭር መንገድ ወደ መጨረሻው ላይ አለ።

ደረጃ 1፦ ፈተናውን ለዩ

የቅጥር ማስታወቂያውን ፎቶ አንስታችሁ አትለፉት፤ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ሦስት ነገሮች ጻፉ፦ ፈታኙ ማን ነው፣ ፈተናው በምን ቋንቋ ነው፣ ቀኑ መቼ ነው። ማስታወቂያው ቋንቋውን ካልጠቀሰ ባለፈው ዙር የተፈተነ ሰው ፈልጉና ጠይቁ። «ከበደ ወይስ ቀለለ?» ብሎ መጠየቅ ጥቅም የለውም። «ስንት ጥያቄ ከወቅታዊ ጉዳይ መጣ? ስለ ሰው ነው፣ ስለ ቁጥር ነው፣ ስለ ሕግ? ከስንት ወር በፊት የሆነ ነገር ተጠየቀ?» በሉት።

ትኩረታችሁ እንደ ፈታኙ ይለያያል። ባንክ ከሆነ የብሔራዊ ባንክ ውሳኔዎች፣ የውጭ ምንዛሪ ሥርዓት፣ የባንክ ሥራ አዋጅና የካፒታል ገበያ ይቀድማሉ። ውጭ ጉዳይ ነክ ከሆነ ስምምነቶች፣ አህጉራዊ ድርጅቶችና የጎረቤት አገሮች። የክልል መሥሪያ ቤት ከሆነ የክልሉን መዋቅር፣ የዞኖቹን መቀመጫና የአካባቢውን ፕሮጀክቶች አትዝለሉ።

የጥናቱ ዘመን ከፈተናው ቀን ወደ ኋላ 12 ወር ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለትና ሦስት ሳምንታት ቀለል አድርጉ፤ የፈተና ወረቀት ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይባዛልና የትናንት ዜና አይገባበትም። ከዚህ የሚለየው ሹመት ብቻ ነው፤ ሹመትን እስከ መጨረሻው ቀን ተከታተሉ።

ደረጃ 2፦ ዕቃ አዘጋጁ

ጠንካራ ሽፋን ያለው አንድ ባለ 100 ሉክ ደብተር ግዙ። ብጣሽ ወረቀት አትጠቀሙ፤ በሁለተኛው ወር ይጠፋል። ለእያንዳንዱ ወር 7 ሉክ ስጡ፤ 12 ወር 84 ሉክ ይወስዳል። የቀሩት 16 ሉኮች ለቋሚ ሰንጠረዦች ናቸው፦

- ሥልጣን ላይ ያለው ማን ነው (አገር፣ ክልል፣ አህጉር፣ ዓለም)። ስሞቹን በእርሳስ ጻፉ፤ ይቀየራሉ።
- 12ቱ ክልሎችና ሁለቱ የከተማ አስተዳደሮች ከነመቀመጫቸው። ከአንድ በላይ ከተማ መቀመጫ ያደረጉ ክልሎች እንዳሉ ልብ በሉ።
- ዓለም አቀፍ ድርጅቶች፣ ዋና መሥሪያ ቤታቸውና ኃላፊያቸው።
- የቀን መቁጠሪያ መቀየሪያ (ደረጃ 5 ላይ ተዘርዝሯል)።

ከደብተሩ ሌላ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ካርታ፣ ሁለቱንም ቀን የያዘ ካላንደር፣ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ፣ እንዲሁም የኤ4 ወረቀት ለስምንት እያጠፋችሁ የምትቆርጡት የጥያቄ ካርድ ያስፈልጋችኋል። ሬዲዮው የሽማግሌ ዕቃ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖራል። ዳታና መብራት ተባብረው ለቀናት ሲጠፉ ግን ጥናቱን የሚያቆየው እሱ ነው።

ደረጃ 3፦ ምንጭ ምረጡ፣ ከዚያ አትጨምሩ

አራት ምንጭ ይበቃል። አንድ የመንግሥት፦ አዲስ ዘመን፤ ሹመት፣ ምርቃትና አዋጅ በሙሉ ስሙ የሚገኘው እዚያ ነው። አንድ የግል፦ ሪፖርተር፤ በአማርኛ ረቡዕና እሑድ ይወጣል፤ የምጣኔ ሀብትና የሕግ ዜናውን ከነትንታኔው ያቀርባል። አንድ የክልል፦ በኩር ጋዜጣ ወይም የአማራ ሬዲዮ። አንድ የውጭ፦ የጀርመን ድምፅ ወይም የቢቢሲ አማርኛ አገልግሎት። የሕግ ጥያቄ ለሚበዛበት ፈተና የአዋጁን ቁጥር ከፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ፣ የክልሉን ከዝክረ ሕግ ውሰዱ፤ ዜና ብዙ ጊዜ «አዲሱ አዋጅ» ብሎ ቁጥሩን ያልፈዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ «500 የወቅታዊ ጉዳይ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው» እየተባለ በቴሌግራም የሚዞረውን ፒዲኤፍ እንዳለ አትሸምድዱት። አብዛኛው ከዓመት ዓመት ሽፋኑ ብቻ እየተቀየረ የሚሸጥ ነው። ከማንበባችሁ በፊት በዚህ ፈትሹት፦

1. የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ሳህለወርቅ ዘውዴ ናቸው ካለ ከመስከረም 27 ቀን 2017 በፊት የተዘጋጀ ነው፤ በዚያ ቀን ታዬ አጽቀሥላሴ ቃለ መሐላ ፈጽመዋል።
2. ክልሎች 11 ናቸው ካለ ከነሐሴ 2015 በፊት ነው።
3. የሕዳሴ ግድብ 6,000 ወይም 6,450 ሜጋ ዋት፣ 16 ተርባይን ካለ በጣም የቆየ ነው፤ ግድቡ የተጠናቀቀው በ13 ተርባይንና በ5,150 ሜጋ ዋት ነው።
4. የብሔራዊ ባንክ ገዥ ማሞ ምሕረቱ ናቸው ካለ ከመስከረም 2018 በፊት ነው፤ በእሳቸው ቦታ እዮብ ተካልኝ ተተክተዋል።

አንዱን እንኳ ከሳተ የቀረውን መልስ አትመኑ። ጥያቄዎቹን ለልምምድ ልትጠቀሙባቸው ትችላላችሁ፤ መልሱን ግን ራሳችሁ ፈልጉ።

ደረጃ 4፦ የዕለቱ ሥራ

ሃምሳ ደቂቃውን እንዲህ ክፈሉት፦ 5 ደቂቃ የትናንቱን መከለስ፣ 20 ደቂቃ ማንበብ ወይም መስማት፣ 15 ደቂቃ ማስታወሻ፣ 10 ደቂቃ ጥያቄ ማውጣት። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ክለሳውን መጨረሻ ላይ ያደረገ ሰው ከሳምንት በኋላ ይተወዋል፤ ዜና ማንበብ ያጓጓልና ጊዜው ሁሉ እዚያው ያልቃል።

ሀ) ማጥራት

አውድማ ላይ ገለባውን ሳይለይ ወደ ጎተራ የሚያስገባ ገበሬ የለም። ለእያንዳንዱ ዜና ይህን ጠይቁ፦ ከስድስት ወር በኋላም እውነት ሆኖ ይቆያል? ስም፣ ቀን፣ ቁጥር ወይም ቦታ አለው? ሁለቱንም ካላሟላ እለፉት። «አቅጣጫ ተቀመጠ»፣ «ውይይት ተካሄደ»፣ «አፈጻጸሙ አበረታች ነው» የሚል ዜና ጥያቄ አይወጣለትም። የሚያዙት ሹመት፣ የጸደቀ አዋጅ፣ ምርቃት፣ የተፈረመ ስምምነት፣ በጀት፣ ምርጫ፣ የዩኔስኮ ምዝገባ፣ ክብረ ወሰንና ታላላቅ ሽልማቶች ናቸው። በቀን ከሦስት እስከ አምስት ዜና በላይ ከያዛችሁ ማጥሪያችሁ ላልቷል ማለት ነው።

ለ) ማስታወሻ

እያንዳንዱን ዜና በስድስት መስመር ጻፉ፦ ምን፣ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ስንት፣ ከበፊቱ ምን ጋር ይያያዛል። አንቀጽ አትገልብጡ። ምሳሌ፦

- ምን፦ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ምርቃት
- ማን፦ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ
- መቼ፦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 (ሴፕቴምበር 9፣ 2025)
- የት፦ ጉባ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ
- ስንት፦ 5,150 ሜጋ ዋት፤ 13 ተርባይን፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ፤ ቁመት 145 ሜትር፤ ርዝመት 1,780 ሜትር
- ከበፊቱ፦ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003፤ የመጀመሪያ ሙሌት ሐምሌ 2012፤ የመጀመሪያ ኃይል ማመንጨት የካቲት 13 ቀን 2014

ስድስተኛውን መስመር ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ፈታኞች በጣም የሚወዱት ደግሞ እሱን ነው። «ግድቡ መቼ ተመረቀ?» ለሁሉም ቀላል ነው። የሚለየው ጥያቄ «በካርቱም የመርሆዎች ስምምነት የተፈረመው መቼ ነው?» (መጋቢት 14 ቀን 2007) ወይም «የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ወደ ሥራ የገባው የትኛው አገር ካጸደቀው በኋላ ነው?» የሚለው ነው። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ኢንቴቤ ላይ ለፊርማ ክፍት ሆነ፤ ስድስተኛዋ አጽዳቂ ደቡብ ሱዳን ከሆነች በኋላ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ሥራ ላይ ዋለ። አንድ የዜና ርዕስ ወደ ኋላ ሦስትና አራት ቀናትን ይጎትታል፤ እነዚያን አብራችሁ ያዙ።

ለስምምነትና ለአዋጅ «መቼ» የሚለው መስመር አንድ ቀን አይበቃውም። የተፈረመበት፣ የጸደቀበትና ሥራ ላይ የዋለበት ቀን ይለያያል። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት ኪጋሊ ላይ የተፈረመው ማርች 21፣ 2018 ነው፤ ወደ ሥራ የገባው ሜይ 30፣ 2019፤ ንግዱ በይፋ የተጀመረው ጃንዋሪ 1፣ 2021። ሦስቱም በምርጫዎቹ ውስጥ ተደርድረው ቢመጡ መልሱን የሚወስነው የጥያቄው ግሥ ነው፦ «ተፈረመ»፣ «ጸደቀ» ወይስ «ተጀመረ»? ግሡን አስምሩበት።

ሐ) ከቋሚ ዕውቀት ጋር ማያያዝ

የፕሬዚዳንት ሹመት ዜና ሲመጣ ስሙን ብቻ ጽፋችሁ አትተዉት። ሕገ መንግሥቱን ክፈቱ፦ ዕጩውን የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የሚመረጠው በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው፤ ዘመኑ ስድስት ዓመት ነው። የምርጫ ዜና ሲመጣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ 547 መሆኑን፣ ዘመኑም አምስት ዓመት መሆኑን አያይዙ። ባለ 106 አንቀጹን ሕገ መንግሥት አንድ ጊዜ ዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው ከዚህ ዓይነት ጥያቄ ግማሹን ሳያጠና ይመልሳል።

የአካባቢውንም እንዲሁ። የባሕር ዳሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ተመረቀ፤ ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። ከእሱ ጋር የጣና ሐይቅ የዩኔስኮ ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ መሆኑን (እ.ኤ.አ. 2015)፣ የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት መሆኑን አስገቡ። የበጋ መስኖ ስንዴ ዜና ሲነሳ ደግሞ መርዓዊ አካባቢ ያለውን፣ ወደ 7,000 ሄክታር የሚያለማውን የቆጋን ግድብ። የሰፈር ነገር ነው ብለው የሚንቁት ሰዎች ፈተናው ላይ ይደነግጣሉ።

ደረጃ 5፦ ቀኑን ሳታምታቱ ያዙ

ከሁሉም በላይ ነጥብ የሚበላው ይህ ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ከመጣ ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሆናል፤ እናንተ የሰማችሁት ደግሞ በእኛ። አዳራሽ ውስጥ ሆኖ መቀየር ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ ማስታወሻ ስትይዙ ሁለቱንም ጻፉ። መቀየሪያው እነሆ (የወሩ 1ኛ ቀን)፦

መስከረም — ሴፕቴምበር 11
ጥቅምት — ኦክቶበር 11
ኅዳር — ኖቬምበር 10
ታኅሣሥ — ዲሴምበር 10
ጥር — ጃንዋሪ 9
የካቲት — ፌብሯሪ 8
መጋቢት — ማርች 10
ሚያዝያ — ኤፕሪል 9
ግንቦት — ሜይ 9
ሰኔ — ጁን 8
ሐምሌ — ጁላይ 8
ነሐሴ — ኦገስት 7
ጳጉሜን — ሴፕቴምበር 6

አቀያየሩ፦ ከቀኑ 1 ቀንሱ፣ የቀረውን በሰንጠረዡ ቀን ላይ ደምሩ። ሐምሌ 22 ሲሆን 21 ወደ ጁላይ 8 ይደመራል፤ ጁላይ 29 ይሆናል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገበት ቀን ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ጁላይ 29፣ 2024።

ለዓመቱ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 7 ደምሩ፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8።

አሁን ወጥመዱ። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነችበት ዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ፣ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ይገፋል። 2016 ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ ቀጣዩ 2020 ነው። ኢትዮጵያ የብሪክስ አባል የሆነችበትን ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ውሰዱ። በሰንጠረዡ ብቻ ከሄዳችሁ ዲሴምበር 31፣ 2023 ይወጣላችኋል፤ ስህተት ነው። አንድ ቀን ስትጨምሩ ጃንዋሪ 1፣ 2024 ይሆናል፤ ቀኑም ዓመቱም ተቀየረ። ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ የተፈረመው በዚያው ዕለት ስለሆነ ሁለቱን አብሮ መያዝ ይቀላል።

ሌላው ወጥመድ አንዳንድ ጽሑፎች «እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 2025» ብለው ሴፕቴምበርን መስከረም እያሉ መጻፋቸው ነው። «እ.ኤ.አ.» ካለ ወሩ የአውሮፓ ነው፤ ማስታወሻችሁ ላይ ሴፕቴምበር ብላችሁ አስተካክሉት።

የበጀት ዓመትንም አትርሱ፦ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የ2017 በጀት ዓመት የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 2016 ነው። ለዚያ ዓመት መጀመሪያ የጸደቀው የፌዴራል በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር፤ በዓመቱ መሐል ተጨማሪ በጀት ታወጀ። የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ጥያቄው «የጸደቀ» ወይስ «ከተጨማሪው ጋር» እንደሚል ሳታዩ ቁጥር አታጥቁሩ።

በእንግሊዝኛ ለሚመጣ ፈተና ሌላም አለ። ዜናው ምርትን በኩንታል ይናገራል፣ ጥያቄው በሜትሪክ ቶን ይመጣል። አሥር ኩንታል አንድ ቶን ነው። የተቋማትንም ሙሉ የእንግሊዝኛ ስም ከጎን ጻፉ፤ አማርኛውን በደንብ እያወቁ እንግሊዝኛው ሲመጣ የሚደናገሩ ብዙ ናቸው።

ደረጃ 6፦ ዜናውን ጥያቄ አድርጉት

ካርዱን አውጡ፤ ፊቱ ላይ ጥያቄና አራት ምርጫ፣ ጀርባው ላይ መልስ ጻፉ። የተሳሳቱትን ምርጫዎች እንደ ፈታኝ አስባችሁ ምረጡ። ማንም የማይመርጠው ምርጫ ካርዱን ያበላሸዋል። ምሳሌ፦

ጥያቄ፦ የካቲት 8 ቀን 2017 የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀመንበር ሆነው የተመረጡት የየት አገር ተወላጅ ናቸው?
ሀ) ቻድ  ለ) አንጎላ  ሐ) ጅቡቲ  መ) ኬንያ

መልሱ ሐ ነው፤ ማሕሙድ አሊ ዩሱፍ። ሌሎቹ ምርጫዎች የተቀመጡት በምክንያት ነው። ቻድ የቀዳሚያቸው የሙሳ ፋኪ ማሃማት አገር ናት። ኬንያ የተሸነፉት ዕጩ የራይላ ኦዲንጋ አገር ናት። አንጎላ ደግሞ በዚያው ዓመት የኅብረቱን ተዘዋዋሪ ሊቀመንበርነት የያዘች አገር ናት፤ ይኸኛው በየዓመቱ በመሪዎች መካከል የሚዞር፣ ያኛው ደግሞ የኮሚሽኑ ሥራ አስፈጻሚ ነው። ይህን አንድ ካርድ የሠራ ሰው አራት ነገር አጥንቷል።

እንዲህ የሚምታቱ ጥንዶችን ፈልጋችሁ ካርድ አብዙባቸው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው፤ ጥር 2 ቀን 2017 በይፋ የተከፈተው መገበያያ ግን የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ነው። በዩኔስኮ በኩል የባሌ ተራሮችና የጌዴኦ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023፣ መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በ2024 የተመዘገቡት በዓለም ቅርስነት ነው፤ የሐረሪዎች ሹዋሊድ ግን በ2023 የገባው በማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ነው። ስፖርትም እንዲሁ፦ በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ታምራት ቶላ በወንዶች ማራቶን ወርቅ በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ፤ ትዕግሥት አሰፋ በሴቶች ማራቶን፣ በሪሁ አረጋዊ በ10,000 ሜትር፣ ጽጌ ዱጉማ በ800 ሜትር ብር አገኙ። የኦሊምፒክ ክብረ ወሰንን ከዓለም ክብረ ወሰን የሚያምታታ ጥያቄ ይመጣልና ይህንንም ካርድ አድርጉት።

በቀን አራት ካርድ ይበቃል።

ደረጃ 7፦ ክለሳ

አዲስ ካርድ በማግሥቱ፣ በ7ኛው ቀንና በ30ኛው ቀን ይከለሳል። ሦስቴም ያገኛችሁትን ወደ ጎን አድርጉ፤ የሳታችሁት ወደ መጀመሪያው ይመለስ። እሑድ አዲስ ዜና አትያዙ፤ የሳምንቱን ብቻ ከልሱ።

ወሩ ሲያልቅ ከ7ቱ ሉክ የወሩን ዋና ዋና 20 ነገሮች በአንድ ገጽ አጠቃሉ። ማስታወሻውን ሳታዩ ከአእምሯችሁ ጻፉ፣ ከዚያ አስተያዩ። እያዩ መገልበጥ እጅ ያደክማል እንጂ አያስታውስም። በዚያው ቀን በእርሳስ የጻፋችሁትን የሥልጣን ሰንጠረዥ ፈትሹ፤ የተሻረውን አትደምስሱት፤ «ቀድሞ» በሚል ዓምድ አዛውሩት። የቀድሞው ሰው ሁልጊዜ ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ይመጣል።

ካርዱን ብቻችሁን ከምታነቡ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ተጠያየቁ። ከአራት ከበለጣችሁ ግን ቡና ይፈላል፣ ጨዋታ ይመጣል፣ ጥናቱ ይቀራል።

ደረጃ 8፦ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት

አዲስ ምንጭ አትክፈቱ። የወር ማጠቃለያ ገጾቹን በቀን ሁለት ሁለት፣ የሳታችኋቸውን ካርዶች በየቀኑ አንብቡ። ሰዓት ይዛችሁ 40 ጥያቄ በ30 ደቂቃ ሥሩ፤ የመልስ መስጫ ወረቀት አዘጋጅታችሁ በኤች ቢ እርሳስ እያጠቆራችሁ ይሁን። አንድ ጥያቄ ዘሎ መልስ መስጫው ላይ አለመዝለል የስንቱን ድካም ገደል ከትቷል።

ፈተናው አዲስ አበባ ከሆነ ጉዞውን በፈተናው ዋዜማ አታድርጉት። መንገድ ሊዘጋ፣ ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ባለው የዓባይ በረሃ ላይም መኪና ሊበላሽ ይችላል፤ ቢያንስ በሁለት ቀን ቅደሙ። መታወቂያና ማስታወቂያው የጠየቀውን ዋና ማስረጃ ከልብስ ሻንጣ ለይታችሁ ያዙ።

ሲበላሽስ?

ኔትወርክ ለሳምንታት ከጠፋ፦ በሬዲዮ የምሽቱን ዜና ይዛችሁ «ምን፣ ማን፣ መቼ» የሚሉትን ብቻ ጻፉ፤ ቁጥሩን ባዶ ተዉት። ከሬዲዮ የተሰማ ቁጥር ይሳሳታልና ጋዜጣ ስታገኙ ሙሉት። ከተማ የሚወርድ ሰው ካለ የጋዜጣ እትሞችን አስመጡ፤ ቤተ መጻሕፍት ያለበት ከተማ የምትኖሩ ከሆነም የቆዩ እትሞችን ጠይቁ።

ሁለት ምንጮች የተለያየ ቁጥር ከሰጡ፦ መጀመሪያ ስለ አንድ ነገር እየተናገሩ መሆኑን አረጋግጡ። አንዱ ዕቅድ፣ ሌላው አፈጻጸም፤ አንዱ የዘጠኝ ወር፣ ሌላው የዓመት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ካልተፈታ የባለቤቱን መሥሪያ ቤት ቁጥር ውሰዱ፤ ሌላውን በቅንፍ አስቀምጡ።

ሦስት ወር ወደ ኋላ ከቀራችሁ፦ ከሦስት ወር በፊት ካቆማችሁበት አትጀምሩ። ከዛሬ ጀምራችሁ የዕለቱን ሥሩ፤ ያለፈውን በእያንዳንዱ እሑድ ሁለት ሁለት ሳምንት እያደረጋችሁ ከጋዜጣ ርዕሶች ብቻ አሟሉ።

የሰው ስም አልያዝ ካለ፦ ስሙን ከሥልጣኑ ጋር ብቻ አታጥኑ፤ ከተካው ሰውና ከቀኑ ጋር አያይዙት። «ሲዲ ዉልድ ታህ፣ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ አኪንዉሚ አዴሲናን ተክቶ፣ ሴፕቴምበር 2025።» ጮክ ብላችሁ በሉት።

ለፈተና የተጠራችሁት በአሥር ቀን ማስጠንቀቂያ ከሆነ፦ ዕለታዊ ዜናን ተዉት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሥልጣን፣ የክልልና የድርጅት ሰንጠረዦችን ሥሩ። በሚቀጥሉት አምስት ቀናት የ12 ወር ሹመት፣ አዋጅ፣ ስምምነትና ምርቃት ብቻ ከጋዜጣ ርዕስ አውጡ፤ በቀን ከ15 አይብለጥ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ካርድና የቀን መቀየሪያ። በመጨረሻው ቀን እንደ እሑዱ ከክለሳ ሌላ ምንም።

አዳራሽ ውስጥ ሁለት ምርጫ መካከል ከተጣበቃችሁ፦ ጥያቄውን እንደገና አንብባችሁ ግሡንና ዓመቱን ፈልጉ። የተሳሳተ መልስ ነጥብ እንደሚቀንስ መመሪያው ካልገለጸ ባዶ አትተዉ። ከጎኑ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ፤ ከኋላ ያለ ጥያቄ አንዳንዴ የፊቱን መልስ ይዞት ይመጣል።